የማይታየው ጉዳት መለኪያ፦ የመስማት መመርመሪያ መሣሪያዎች በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

መስማትን የሚለኩ መሣሪያዎች ሁሉ ሥራቸው አንድ ነው፦ መጠኑ የታወቀ ድምፅ ለጆሮ ይሰጣሉ፤ ከዚያም ጆሮው ወይም ባለ ጆሮው የሰጠውን ምላሽ ይመዘግባሉ። ከባለ ሁለት ጥርሱ የብረት ሹካ አንሥቶ የአንጎልን ኤሌክትሪክ እስከሚያነበው ኮምፒዩተር ድረስ የሚለያዩት ድምፁ በሚሰጥበት መንገድና ምላሹ በሚወሰድበት ቦታ ነው።

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚቆጠረው በኸርዝ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ እንደ ከበሮ ይወፍራል፣ ሲበዛ እንደ ፉጨት ይቀጥናል። ጤናማ የልጅ ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል። ለንግግር የሚያስፈልገው ክልል ግን ከዚህ ስለሚጠብ የተለመደው ምርመራ ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ባለው ይወሰናል። የድምፁ ጉልበት ደግሞ በዴሲቤል ይለካል። ዴሲቤል እንደ ሜትር በመደመር የሚያድግ አይደለም፤ በየ10 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 60 ዴሲቤል ገደማ የሆነው የሁለት ሰዎች ጨዋታ፣ ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ ኃይሉ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። በመመርመሪያው ላይ «ዜሮ» ተብሎ የተጻፈውም ጸጥታ ማለት አይደለም። ጆሯቸው ጤነኛ የሆነ ወጣቶች በአማካይ መስማት የሚጀምሩበት መጠን ነው፤ ከዚያም አሳንሶ የሚሰማ ሰው ስላለ መለኪያው ከዜሮ በታች 10 ድረስ ይወርዳል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳቱ ስለማይታይ ነው። በአማርኛ «ልጁ አይሰማም» ሲባል ጆሮው ድምፅ አይቀበልም ማለትም፣ ሲነገረው እሺ አይልም ማለትም ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ በከፊል የሚሰማ ልጅ እቤት እልኸኛ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ሰነፍ እየተባለ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። «ደንቆሮ» የሚለው ቃልም ከጉዳት መጠሪያነት አልፎ ስድብ ሆኗል፤ ይህ የቋንቋው ጭካኔ ነው። በምዕራብ ሸዋ ሌላም መደናገር ይጨመርበታል። በኦሮምኛ «ዱዳ» መስማት የተሳነው ሰው ሲሆን በአማርኛ መናገር የተሳነው ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች በሚነገሩበት እንደ አምቦ ባለ ከተማ አንዲት እናት «ልጄ ዱዳ ነው» ብላ ስትመጣ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ቀስ ብሎ መጠየቅ የምርመራው መጀመሪያ ነው። ብዙ ጊዜም ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ፊት ሆነው ይገኛሉ፤ ድምፅ ያልሰማ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ መናገርን የሚማርበት በር ይዘጋበታል።

ድምፅ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ በየደረጃው መልኩን ይለውጣል። 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የጆሮ ቀዳዳ አልፎ ታምቡሩን ይመታል። ታምቡሩ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚመስሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶችን ያንቀሳቅሳል። እርካቡ በበኩሉ ቀንድ አውጣ የመሰለውን፣ በፈሳሽ የተሞላውን ኮክሊያ ይገፋል። በኮክሊያው ውስጥ የተደረደሩት የፀጉር ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልኩታል። እስከ እርካቡ ያለው ክፍል ሲታወክ፣ ማለትም ኩክ ሲደፍነው፣ ታምቡሩ ሲበሳ ወይም ከጀርባው መግል ሲቋጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አለው። የፀጉር ሕዋሳቱ ከሞቱ ግን በሰው ላይ መልሰው አይበቅሉም። መሣሪያዎቹ ከሚሰጡት ጥቅም ሁሉ የሚበልጠው እነዚህን ሁለት ዓይነት ጉዳቶች መለየታቸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዘው የሚለካ ሳይሆን የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ኦቶስኮፕ ይባላል፤ መብራትና ማጉያ መስተዋት ያለው ነው። በኩክ የተደፈነ ጆሮ ሳይጸዳ ቢለካ የሚገኘው ቁጥር የኩኩ እንጂ የጆሮው አይሆንም። ከዚያ ቀጥሎ ምንም መሣሪያ በሌለበት ጤና ኬላ እንኳ የሚሠራ ፈተና አለ። መርማሪው ከንፈሩ እንዳይነበብ ከታማሚው በስተኋላ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፤ የማይፈተነውን ጆሮ በጣቱ ተጭኖ እያሸ ይዘጋል፤ ትንፋሹን አውጥቶ ከጨረሰ በኋላም ሦስት ቁጥሮች በሹክሹክታ ይጠራል። ትንፋሽ አስቀድሞ የሚወጣው ሹክሹክታው ከአንዱ መርማሪ ወደ ሌላው እንዳይለያይ ነው። ከጀልዱ ወይም ከጌዶ ገጠር ለመጣ ሰው ቁጥሮቹ «አፉር፣ ቶርባ፣ ለማ» መሆን አለባቸው። በማያዘወትረው ቋንቋ «አራት፣ ሰባት፣ ሁለት» ተብሎ ቢሳሳት የተፈተነው ጆሮው መሆኑ ቀርቶ አማርኛው ይሆናል።

የብረት ሹካው፣ ቱኒንግ ፎርክ የሚባለው፣ ወደ ሕክምና የመጣው ከሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1711 የሠራው ጆን ሾር በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መለከት ነፊ ነበር። ለጆሮ ምርመራ የተለመደው ሹካ ሲመታ በሰከንድ 512 ጊዜ ይነዝራል። መርማሪው ሹካውን በክርኑ ወይም በጉልበቱ መትቶ እግሩን ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ያሳርፋል። ታማሚው «አሁን ጠፋ» ሲል ሹካው ሳይመታ ወደ ጆሮው ቀዳዳ ይጠጋል። ጤናማ ጆሮ የጠፋውን ድምፅ እንደገና ያገኘዋል፤ በአየር በኩል ያለው መንገድ በአጥንት በኩል ካለው ይሻላልና። ታምቡሩ የተበሳ ወይም መግል የቋጠረ ጆሮ ግን አያገኘውም። ይህን ፈተና ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪኽ አዶልፍ ሪነ እ.ኤ.አ. በ1855 ጻፈው። ከእሱ በፊት በ1834 ኤርንስት ሃይንሪኽ ቬበር ሌላ ነገር አስተውሎ ነበር፦ ሹካው ግንባር መካከል ሲቀመጥ፣ መተላለፊያው በተዘጋ ጆሮ በኩል ድምፁ ይጎላል፤ የውስጥ ጆሮው ወይም ነርቩ በተጎዳበት በኩል ግን ይደክምና ወደ ደህናው ጆሮ ይሄዳል። ነገሩ ያለ ሹካም ይታወቃል። አንድ ጆሮ በጣት ተደፍኖ አፍ ሳይከፈት «እም» ቢባል ድምፁ የሚጎላው በተደፈነው በኩል ነው። ሹካው መብራት አይፈልግም፣ ለዓመታት ሳይለወጥ ያገለግላል። ጉድለቱ የጉዳቱን ዓይነት እንጂ መጠኑን በቁጥር አለመናገሩ ነው።

ቁጥሩ የመጣው ከስልክ በኋላ ነው። ዴቪድ ኤድዋርድ ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1879 በባትሪና በሽቦ ጥቅል የሚሠራ፣ ድምፁ ደረጃ በደረጃ የሚቀነስ መሣሪያ በለንደን አቀረበ፤ «ኦዲዮሜትር» የሚለው ስም የተሰጠውም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ደግሞ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ዕቃ ፋብሪካ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራውን አወጣ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ይኸው ፋብሪካ የሸክላ ማጫወቻን ከብዙ የጆሮ ማዳመጫዎች ጋር አያይዞ እስከ 40 ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ የሚፈትን መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ሸክላው ቁጥር እየቀነሰ በሚሄድ ድምፅ ይጠራል፣ ልጆቹ የሰሙትን ይጽፋሉ። በዛሬዎቹ የግንጪና የጉደር ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ተማሪ ብዛት ሲታሰብ ይህ አሮጌ ዘዴ ከብዙ አዳዲሶች ይልቅ ለአካባቢው የሚቀርብ ሆኖ ይታያል።

የዛሬው ኦዲዮሜትር የመጽሐፍ ያህል የሚሆን ሣጥን ነው፤ ሁለት መዘውር፣ አንድ ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫና ከጆሮ ጀርባ የሚታሰር ትንሽ ነዛሪ አለው። ቀዩ ማዳመጫ ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ ነው። ታማሚው ድምፅ በሰማ ቁጥር፣ ቢጠራጠርም እንኳ፣ መጫኛውን እንዲጫን ይነገረዋል። ምርመራው በ1,000 ኸርዝ ይጀመራል፤ ታማሚው ሲሰማ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ይቀነሳል፣ ሳይሰማ ሲቀር በ5 ይጨመራል። ድምፁ ከዝቅተኛ እየተነሣ ሲጨመር ከሦስት ጊዜ ሁለቱን የሚሰማበት ዝቅተኛ መጠን የዚያ ጆሮ መነሻ ተብሎ ይመዘገባል። አሥር ቀንሶ አምስት የሚጨምረው ይህ ደረጃ መውጣትና መውረድ ቀላል ይመስላል፤ ግን መርማሪው በየእኩል ጊዜው ከተጫነ ታማሚው ምቱን ይለምደውና ሳይሰማም መጫን ይጀምራል። ጥሩ መርማሪ ስለዚህ ጊዜውን ሆን ብሎ ያዛባዋል። አንዱ ጆሮ ከሌላው በጣም ሲሻል ደግሞ ጠንካራው ድምፅ በራስ ቅል በኩል ተሻግሮ ደህናው ጆሮ ለታመመው እንዳይመልስለት፣ በደህናው በኩል የሹሹታ ድምፅ ይለቀቃል።

ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ገበታ ላይ ይሰፍራል። የቀኙ በቀይ ክብ፣ የግራው በሰማያዊ መስቀል ምልክት ይነጠባል፤ መስመሩ ወደ ታች በወረደ መጠን መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። በዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2021 አከፋፈል፣ በተሻለው ጆሮ ከ20 ዴሲቤል በታች የሚሰማ ደህና ነው፤ ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ ጉዳት ይባላል፤ 95 ሲደርስ ፈጽሞ አለመስማት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የድርጅቱ ሪፖርት በዓለም ላይ 430 ሚሊዮን ሰዎች ለመስማት ችግራቸው አገልግሎት እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል። በአየርና በአጥንት በኩል የተነጠቡት ሁለቱ መስመሮች ሲራራቁ ችግሩ ከኮክሊያው በፊት ነው፤ ተጣብቀው አብረው ሲወርዱ የውስጥ ጆሮው ወይም ነርቩ ተጎድቷል። ሹካው በግምት የተናገረውን ወረቀቱ በቁጥር ይደግመዋል።

በአምቦ የዚህን ቁጥር እውነተኛነት የሚፈታተነው ከሁሉ በላይ የክፍሉ ጸጥታ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ምርመራ ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ነገር በተሸፈነ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይካሄዳል። ያ በሌለበት፣ በመስኮቱ ሥር ባጃጅ ሲያልፍ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ ወይም በክረምት ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ፣ ጤናማ ጆሮ ያለው ሰው የተጎዳ መስሎ ይመዘገባል። እነዚህ ጫጫታዎች ይበልጥ የሚሸፍኑት ወፍራሞቹን ድምፆች ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ 250 እና 500 ኸርዝ ብቻ ዝቅ ብለው ከታዩ ጥርጣሬው መጀመሪያ በክፍሉ ላይ መሆን አለበት። ልምድ ያለው ባለሙያ በሐምሌ ቀጠሮውን ጠዋት ጠዋት ያደርጋል፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነውና። መሣሪያው ራሱም በየጊዜው መፈተሽ አለበት፤ ማዳመጫው አንድ ጊዜ ሲወድቅ ድምፁ በብዙ ዴሲቤል ሊዛነፍ ይችላል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም። ለዚህ ቀላሉ መከላከያ መርማሪው በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የራሱን ጆሮ መለካቱ ነው።

የታማሚውን መልስ የማይጠብቁ መሣሪያዎችም አሉ። ቲምፓኖሜትር የጆሮውን ቀዳዳ በጎማ ጫፍ ገጥሞ የአየሩን ግፊት ከፍና ዝቅ እያደረገ ታምቡሩ ምን ያህል እንደሚላወስ ይለካል፤ የሚልከው ድምፅ 226 ኸርዝ ነው። ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ግራፉ ተራራ ከሠራ ታምቡሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሜዳ ከሆነ ከጀርባው ፈሳሽ አለ ወይም ታምቡሩ ተበስቷል። ሁለቱን የሚለየው መሣሪያው የሚያነበው የአየር መጠን ነው። ታምቡሩ ከተበሳ ከጀርባው ያለው ክፍተት አብሮ ስለሚቆጠር ቁጥሩ ይተልቃል።

እዚህ ላይ የአምቦ ከፍታ ራሱ ወደ ምርመራው ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። መሣሪያው የአየርን መጠን የሚያውቀው አየሩ በድምፅ ሲገፋ ምን ያህል እንደሚለጠጥ አይቶ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በቀላሉ ይለጠጣል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ቲምፓኖሜትር በአምቦ 2 ሚሊ ሊትር የሆነችውን የሙከራ ቀፎ 2.5 ገደማ አድርጎ ያነባታል። ስለዚህ ከካርቶኑ ወጥቶ በቀጥታ ሥራ የጀመረ መሣሪያ ጤናማውን ትልቅ ጆሮ «የተበሳ» ሊያስመስል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አብራው የመጣችውን ቀፎ በቦታው ላይ ለክቶ ማስተካከል። ከአምቦ ከፍ ያሉ እንደ ጀልዱ ባሉ ደጋ ቦታዎች ስሕተቱ ይብሳል፤ ወደ ባኮ ቆላ ሲወረድ ይቀንሳል። በአንድ መኪና ተጭኖ ከወረዳ ወረዳ የሚዞር መሣሪያ በየደረሰበት መስተካከል አለበት።

ለሕፃናት የሚበጁት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። የመጀመሪያው የተመሠረተው ለማመን በሚያስቸግር ግኝት ላይ ነው፤ ጤናማ ኮክሊያ ድምፅ ሲቀበል ራሱም መልሶ እጅግ ደካማ ድምፅ ያወጣል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳወቀው የለንደኑ ዴቪድ ኬምፕ ነው። በተኛ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን ገብቶ ምላሹ ከተገኘ ኮክሊያው ይሠራል ማለት ነው። ሁለተኛው ኤቢአር የሚባለው ሲሆን በግንባርና ከጆሮ ጀርባ በሚለጠፉ ገመዶች የነርቩንና የአንጎል ግንዱን ምላሽ ያነባል። ምላሹ የሚያልፈው ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ባሉት 10 ሺሕኛ የሰከንድ ክፍልፋዮች ውስጥ ነው፤ ከሌላው የአንጎል እንቅስቃሴ ነጥሮ እንዲወጣም አንዱ ድምፅ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ከማጅራት ገትር የተረፈ ሕፃን ሳይዘገይ ይህን ምርመራ ማግኘት አለበት፤ በሽታው ኮክሊያውን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላልና። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ ከአምቦ 114 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።

የመሣሪያውን ድምፅ መስማት ንግግር መረዳት አይደለም። «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» የሚሉ አረጋውያን ትክክል ናቸው፤ ወፍራሞቹ አናባቢዎች ይደርሷቸዋል፣ እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ግን ይጠፉባቸዋል። «ሰማ» እና «ሸማ»፣ «ፈራ» እና «ሠራ» አንድ ይሆኑባቸዋል። ይህ የሚለካው በቃላት ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ አይገኝም። አማርኛ መጥበቅና መላላትን ይለያል፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ አልደረሰም ማለት ነው። ኦሮምኛም እንዲሁ፤ «ባዳ» ሲጠብቅ ደጋ፣ ሲላላ መጥፎ ነው። በዚያ ላይ ኦሮምኛ የአናባቢን ርዝመት ይለያል፤ «ለፋ» በአጭሩ መሬት ሲሆን አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ነው። ለምዕራብ ሸዋ ሕዝብ የሚሆን ዝርዝር እነዚህን ልዩነቶች የያዘ፣ ገበሬውም ተማሪውም በሚያውቃቸው ቃላት የተሠራ፣ በአካባቢው ተናጋሪ ድምፅ የተቀረጸ መሆን አለበት። የቋንቋ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በአንድ ግቢ በሚገኙበት እንደ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ባለ ተቋም ይህ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው፤ ከብዙ ውድ መሣሪያዎችም ይልቅ ይጠቅማል።

ከአዋቂዎች መካከል ምርመራው በየጊዜው የሚያስፈልጋቸው በጫጫታ ውስጥ የሚውሉ ናቸው። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን ወሰን ተደርጎ ይወሰዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ደንበኛውን ለማናገር የሚጮህ ከሆነ ወሰኑ ሳይታለፍ አይቀርም። በዞኑ በአደአ በርጋ ወረዳ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች አሉ፤ በአምቦ አጠገብ ጠርሙስ ከጠርሙስ እየተጋጨ የሚሞላበት የማዕድን ውኃ ፋብሪካ አለ። የእንዲህ ዓይነት ሥራ ጉዳት በኦዲዮግራሙ ላይ ፊርማ አለው፦ መስመሩ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ገደል ይገባና በ8,000 መልሶ ይወጣል። ሰውየው ጨዋታ መከተል እስኪያቅተው ድረስ ጉዳቱን አያውቀውም፤ ገደሉ ግን ከዓመታት በፊት በወረቀቱ ላይ ታይቷል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል።

መድኃኒትም የራሱ ፊርማ አለው። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር እንደ ካናማይሲን ያሉ መርፌዎች የሕክምናው አካል ነበሩ። እነዚህ መርፌዎች መጀመሪያ የሚያጠፉት ቀጫጭኑን ድምፅ የሚይዙትን ሕዋሳት ነው። ስለዚህ ከመርፌው በፊትና በየወሩ መስማትን መለካት፣ የ8,000 ኸርዙ ነጥብ ሲወርድ መድኃኒቱን ለመቀየር ጊዜ ይሰጥ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መርፌዎቹ በሚዋጡ መድኃኒቶች እንዲተኩ መክሯል።

በቅርብ ዓመታት ኦዲዮሜትሩ ወደ እጅ ስልክ ገብቷል። በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሥራ ስልክን ከተስተካከለ ማዳመጫ ጋር አጣምሮ፣ በስልኩ ማይክሮፎን የክፍሉን ጫጫታ እየለካ፣ ሲበዛ ምርመራውን ያቆማል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሹሹታ መካከል ቁጥር በማዳመጥ የሚሠራ መፈተሻ ለሕዝብ አቅርቧል። እነዚህ መለያ ብቻ ናቸው፤ «አለፈ» ወይም «ይመርመር» ይላሉ። ያላለፈው ሰው ወደ አምቦ፣ ከዚያም ካስፈለገ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል የአንገት በላይ ክፍል ይላካል። በሚይዘው ወረቀት ላይ የክፍሉ ጸጥታ ምን ያህል እንደነበረ፣ መሣሪያው መቼና በየት ከፍታ እንደተስተካከለ፣ ቃላቱም በምን ቋንቋ እንደቀረቡ ከተጻፈ፣ ተቀባዩ ሐኪም የአምቦው ምርመራ ካቆመበት ይቀጥላል። ካልተጻፈ ግን ከሹካው ጀምሮ እንደ አዲስ መለካት ግድ ይሆንበታል።